ለመዲና ሟቾች አቤት ያልን ቀን

ትናንት እዚህ ቴክሳስ፣ ግራንድ ፕሬሪ ከተማ ውስጥ መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ፣ ከአንድ ጓሮ የጥብስ ጭስ ሸተተኝና አንድ የልጅነቴ ቀን ትዝ አለኝ።

በዘጠናዎቹ አንድ የነሐሴ ቀን፣ ጎረቤታችን ሚስተር ራሞን፣ ቴሃኖ የሚባሉት የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው የቴክሳስ ተወላጅ፣ ለጥብስ ጓሯቸው ጠርተውን ነበር። ቅድመ አያቶቻቸው ቴክሳስን ከስፔን ነፃ ለማውጣት መዲና ወንዝ አጠገብ ተዋግተው አልቀዋል። «ይህን ውጊያ ማንም አያስታውሰውም» አሉና የሟቾቹን ስም ከወረቀት ላይ መጥራት ጀመሩ። ከየስሙ በኋላ ዝም ይላሉ።

ሦስተኛው ስም ሲጠራ፣ ከአገር ቤት ከመጡ ወር ያልሞላቸው አያቴ ብድግ ብለው «አቤት!» አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «አባባ፣ ፕሊስ፣ እርስዎን እኮ አይደለም!»

«አውቃለሁ። ሰው በስሙ ተጠርቶ ዝም ይባላል እንዴ?»

ለሚስተር ራሞን ተረጎምኩላቸው። እሳቸውም እንደገና ከመጀመሪያው ስም ጀመሩ። አሁን ጓሮው ሙሉ፣ ልጅ አዋቂው «አቤት!» ይላል። እኔማ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮኽኩ።

የመጨረሻውን ስም ግን መጥራት አቃታቸው፤ የገዛ ቅድመ አያታቸው ስም ነበር። ወረቀቱን ሰጡኝና እኔ ጠራሁት። አባባ አፋቸውን ሲከፍቱ ሚስተር ራሞን ቀደሟቸው፦ «አቤት!»

ያ ስም ዛሬም አልጠፋኝም። ትናንት መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን ጮክ ብዬ ጠራሁት፤ ዝምታው ሳይመጣም «አቤት!» አልኩ።