የአቃቂ መንገድ ያልገደላቸው ሴሎች

አቃቂ ባለ አንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ እናት ተኝተው ይታከሙ ነበር። ራስ ምታቱ አልለቅ ብሏቸዋል። ሐኪማችን ካንሰር እንዳይሆን ሰግቶ ከአከርካሪያቸው ፈሳሽ ቀዳ፤ እኔ ናሙናውን ይዤ መሀል ከተማ ወዳለው ትልቅ ላቦራቶሪ በሚኒባስ ሄድኩ። ቃሊቲ ላይ ከባድ መኪኖች መንገዱን ዘግተውት ከሁለት ሰዓት በላይ ቆምን። ስደርስ መርማሪዋ በማይክሮስኮፕ አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«ሴሎቹ ፈራርሰዋል። ይኼ እኮ እንደ ደም አይታገስም፤ እንደገና ይቀዳ።»

እንደገና! ለእሳቸው መንገር የእኔ ዕጣ ሆነ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ናሙናው መንገድ ላይ ተበላሸብኝ።»

«ምነው ልጄ፣ ጀርባዬን የቦኖ ውሃ አደረጋችሁትሳ!» ብለው ሳቁ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ደግነቱ፣ መርማሪዋ ሴሎቹን ሳይፈርሱ የሚያቆይ ፈሳሽ በብልቃጥ ሰጥታኛለች። ሐኪሙ በድጋሚ እንደቀዳ፣ ግማሹን ለእኛው ምርመራ አስቀርቼ ቀሪውን ብልቃጡ ውስጥ ጨመርኩና በቀስታ ገለባበጥኩት። ከዚያ ሚኒባስ ጋቢና ገባሁ።

ሳሪስ አቦ ስንደርስ መንገዱ ጭራሽ ቆመ። ሹፌሩ ክላክሱን እያስጮኸ ይራገማል፤ እኔ ሳቄ መጣ።

«ምን ያስቅሻል እህቴ?»

«የያዝኳቸው ዛሬ አይቸኩሉም።»

ዞሮ ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ ሲያይ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ።

መርማሪዋ ሴሎቹን ቀለም ቀብታ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ጠበቅኩ።

«ነይ እስቲ፣ እዪ!»

አየሁ። ወይን ጠጅ፣ ክብ ክብ፣ ጠርዛቸው እንኳ ያልተነካ! እጇን ይዤ ዘለልኩ፤ እሷም ከነጋውኗ አብራኝ ዘለለች። ከጎን ክፍል አንድ ሰው ደንግጦ ብቅ ሲል «ሴል! ሴል!» አልነው። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

የካንሰር ሴል አልተገኘም። ሐኪሙ ከእኛ ምርመራ ጋር አስተያይቶ፣ በመድኃኒት የሚድን ኢንፌክሽን መሆኑን ነገራቸው። እማማ እልልታቸውን ሲያቀልጡት የክፍሉ ሴቶች ሁሉ ተቀበሏቸው።

«ኧረ እማማ፣ ይተኙ እንጂ!» አላቸው ሐኪሙ።

«ተኝቼስ አይደል እልል የምለው!» አሉት።