የዘይነብ በር

ባለፈው ቅዳሜ በደሳ ከተማ ላይ ሚስቴን የሰው መኪና ውስጥ አስገብቼ ሸኘኋት... በገዛ እጄ። እስካሁን ሳስበው አንጀቴ ያርራል።

መኪናዬን የምታውቁ ታውቋታላችሁ። ጭሮ ውስጥ ድምፅዋ ከእሷ ቀድሞ የሚደርስ አሮጌ ፒክአፕ ናት። ሞተሯ አልሐምዱሊላህ ደህና ነው፣ በሮቿን ግን ዝገት ጨርሷቸዋል። በእኔ በኩል ያለው በር ከታች ተበልቶ መንገዱ ይታያል፣ እየሄድኩ እንዳይከፈትብኝም በላስቲክ ገመድ አስሬዋለሁ። በሚስቴ በዘይነብ በኩል ያለው ደግሞ ከውስጥ አይከፈትም፣ እጀታው ዝጎ ከተሰበረ ቆይቷል። ስለዚህ የትም ስንደርስ እኔ ወርጄ፣ ዞሬ፣ ጎትቼ ከውጭ እከፍትላታለሁ። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚህ ነው የምንኖረው።

ጎረቤቴ ጅብሪል ግን ዘንድሮ አዲስ ፒክአፕ ገዛ። ነጭ፣ የምታብረቀርቅ... በሯ ሲዘጋ እንኳ «ጥፕ» ነው የሚለው። የእኔ ሲዘጋ የሰፈሩ ዶሮ ይበተናል። ጠዋት ጠዋት ሲያጥባት በመስኮት አየዋለሁ፣ ቁርሴም አይወርድልኝም። ምን ልደብቃችሁ፣ እቀናለሁ።

እና ቅዳሜ ዘይነብ እናቷን ልትጠይቅ፣ እኔም ሽንኩርት ላደርስ በደሳ ሄድን። ልንመለስ ስንል ያ የእሷ በር ጨርሶ እምቢ አለ። ከውጭም! ብጎትተው፣ ብደበድበው፣ በእርግጫ ብለው... ወይ ፍንክች። በእኔ በኩል ተሻግራ እንዳትገባ ነፍሰ ጡር ናት፣ ሆዷ ገፍቷል። ዝናቡም ማካፋት ጀመረ።

ይሄኔ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ጅብሪል! እናቱን አዴ ሃሊማን ከዘመድ ቤት ይዞ እየተመለሰ ነው። መስኮቱን ዝቅ አደረገና፣

«አቦ ምን ሆናችሁ? ዘይነብ ትምጣ እንጂ፣ እኛም ወደ ቤት ነን» አለ።

ዘይነብ አየችኝ። እኔ ሰማዩን አየሁ። አዴ ሃሊማ ከኋላ ወንበር ጋደም ብለው ተኝተዋል፣ እናቱ እያሉ ነውርም የለውም። እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ።

«ሂጂ በቃ...» አልኳት። እናቷ የሰጡንን ጆንያ ዝናብ እንዳይመታው እነሱ መኪና ውስጥ አስገባሁት። የጋቢናውን በር የከፈትኩላትም እኔው ነኝ። በአንድ ጣት ተከፈተ። ያ ነገር የበለጠ አናደደኝ።

ከዚያ እነሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። መንገዱን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ይህቺ ሴት ዛሬ ያንን ለስላሳ ወንበር ቀምሳ ነገ የእኔን ዝገት እንዴት ትችለዋለች? ልቀድማቸው ነዳጅ ብረግጥ መኪናዬ ጭስ ብቻ ተፋች። ኩርባው ላይ ደግሞ ላስቲኩ ተበጠሰና በሬ ብርግድ አለ። በግራ እጄ በር፣ በቀኝ እጄ መሪ፣ በልቤ ጅብሪልን ይዤ ቀጠልኩ።

ቀና ስል በኋላ መስኮታቸው የዘይነብ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እየሳቀች ነው! ከእኔ ጋር ስንሄድ እንኳን ልትስቅ፣ በጩኸቱ የተናገርነውም አይሰማም። ምን ብሏት ይሆን እንዲህ የምትንከተከተው?

ሰፈር ስደርስ የጅብሪል መኪና የእኔ ደጅ ላይ ቆማለች። እሱ ያንን ጆንያ አውርዶ አጠገቡ ቆሟል። ዘይነብ ግን አልወረደችም። ጋቢናው ውስጥ ቁጭ ብላለች... ተደላድላ!

ደሜ ፈላ።

«ወላሂ ምን እንዳስቀየምኳት እንጃ» አለኝ ጅብሪል ፈራ ተባ እያለ፣ «ደርሰናል ካልኳት ቆየሁ፣ አትወርድም።»

እሱን አልፌ ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

«ዘይኔ... ተመቸሽ መሰለኝ?» አልኳት።

«ምኑ ነው የሚመቸኝ? የት ቀረህ? ወገቤ እኮ አለቀ፣ ክፈትልኝ እንጂ!»

ጅብሪል እኔን አየ፣ እኔ እሷን አየሁ።

«ዘይነብ... ከውስጥ እኮ ይከፈታል» አላት ጅብሪል ቀስ ብሎ።

ዞር ብላ እጀታውን አየችው። ከዚያ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

«ውይ በሞትኩት! ረሳሁት... እሱ እስኪመጣ ብዬ እኮ ነው የተቀመጥኩት!»

እናንተዬ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ በምን ቋንቋ ልንገራችሁ? በሩን ከፈትኩላትና እጇን ይዤ አወረድኳት። ግን አላስቻለኝም፣ በጆሮዋ ጠየቅኳት።

«መንገድ ላይ ምን ብሎሽ ነው እንደዚያ የሳቅሽው?»

«እሱማ ምንም አላለኝም። አንተን በጎን መስታወት አይቼህ ነው፣ በሩን በእጅህ ይዘህ ስትከተለን!» ብላ እንደገና ሳቀች።

ለካ አዴ ሃሊማ ነቅተው ሁሉንም እያዩ ነው።

«ጅብሪል!» አሉ ከኋላ ወንበር። «እየው፣ የሰው ልጅ ሚስቱን በር ከፍቶ፣ እጇን ደግፎ ያወርዳል። አንተ እናትህን ዘግተህባት ጆንያ ትጠብቃለህ?»

ጅብሪል ሮጦ ዞሮ ከፈተላቸው። ሲያልፈኝ ግን ያቺን የዛገች መኪናዬን ገላመጣት። አትሳሳቱ፣ ያ አስተያየት ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም።

ሰኞ መኪናዋን ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥልኝ ባትላሜራ ጋ ወሰድኳት። በእኔ በኩል ያለውን በር ሙሉ በሙሉ እንዲሠራው፣ የዘይነብን ደግሞ ከውጭ በደንብ እንዲከፈት እንዲያደርገው ነገርኩት።

«የውስጡን እጀታስ?» አለኝ።

«እሱን እንዳትነካው» አልኩት፣ «ትዳሬን የያዘው እሱ ነው።»