ከሰኔ ሚካኤል ቀጥሎ ባለው ገበያ

ነገሩ የሆነው በ2009 ዓ.ም. ነው። ያኔ ቢቸና ውስጥ በውጭ እርዳታ በሚሠራ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ነርስ ነበርኩ። ዛሬም ስለ አሜሪካ ምርጫ በሬዲዮ ሲወራ ተቀምጬ መስማት አልችልም፤ ተነስቼ ቤቱ ውስጥ እንጎራደዳለሁ። ባለቤቴ "አንቺን ምን አገባሽ?" ይለኛል። ምን እንዳገባኝ ልንገራችሁ።

በየሦስት ወሩ በክሊኒኩ መኪና ሞጣ እየሄድን፣ በገበያ ቀን በተከራየነው ቤት የወሊድ መከላከያ መርፌ እንሰጥ ነበር። ከሚመጡት አንዷ እናኑ የምትባል የገጠር ሴት ናት። አራተኛ ልጇን ስትወልድ ደም ፈስሷት ለጥቂት ነው የተረፈችው። ሐኪሙ ዳግመኛ እንዳታረግዝ አስጠንቅቋታል። ባሏ ግን "ልጅ በእድሉ ያድጋል" የሚል ሰው ነው። መርፌው በቀበሌዋ ጤና ኬላም አለ፤ ችግሩ የጤና ኬላው ሠራተኛ የባሏ እህት መሆኗ ነው። ስለዚህ ቅቤ ልትሸጥ እንደመጣች ሆና እኛ ጋ ትመጣለች። ባሏ እንዳያገኘው ቀጠሮዋን በወረቀት አልሰጣትም፤ በበዓል ነው የምነግራት። መጋቢት ላይ "ከሰኔ ሚካኤል ቀጥሎ ባለው ገበያ" አልኳት።

ያን ዕለት ከእርዳታ ሰጪዎቹ ወገን የመጣ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ አብሮን ነበር። አዲሱን መንግሥታቸውን የሚደግፍ፣ ሃይማኖተኛ፣ ሕፃናት የሚወድ ሰው ነው። ሴቶቹን ሰብስቦ በእኔ አስተርጓሚነት "ያልተወለደ ልጅ ጠበቃ የለውም፤ ጠበቃው እኛ ነን" አላቸው። እናኑ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "እውነታቸውን ነው። የናቱስ ጠበቃ ማነው? በያቸው እስቲ" አለችኝ። እንግዳ ማስከፋት ነውር መስሎኝ "አመሰግናለሁ ብላለች" ብዬ ተረጎምኩለት። ፈገግ ብሎ እጇን ጨበጣት። ይህ እስካሁን ያቃጥለኛል።

አሜሪካ መንግሥት ተለውጦ የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ ሆኖ ነበርና፣ ግንቦት ላይ ከእርዳታ ሰጪዎቹ አዲስ ወረቀት መጣ። ፅንስ ማቋረጥ የት እንደሚሠራ ለማንም ላንናገር እንድንፈርም ይጠይቃል፤ ካልፈረምን እርዳታው ይቆማል ይላል። እኛ ፅንስ አናቋርጥም ነበር። እኔ ራሴ ነፍስ አባት ያለኝ ሰው ነኝ፤ ነገሩን አልወደውም። ግን ለአካለ መጠን ያልደረሰች ተማሪ አርግዛ ስትመጣ የአገራችን ሕግ የሚፈቅድላትን እንነግራት ነበር። ኃላፊያችን "እንዲህ ያለችውን ልጅ አፌን ዘግቼ አልሸኛትም" ብለው ሳይፈርሙ ቀሩ። እርዳታው ቆመ። መጀመሪያ የቆመው መኪናው ነው።

ሰኔ ሚካኤል ሲያልፍ መቀመጥ አቃተኝ። እናኑ ስልክ የላትም። ጤና ጣቢያ ከምትሠራ ጓደኛዬ አንድ መርፌ ለምኜ በገበያው ቀን ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ወርደን ገፋን፤ ድንጋይ ደለደልን። ሾፌሩን ብነዘንዘው፣ "እቴ፣ ብቻሽን የምታወጭው ከሆነ ያውልሽ" አለኝ።

ሞጣ ስደርስ አሥር ሰዓት ሆኗል። ገበያው ተበትኗል። በተከራየነው ቤት ደጃፍ ጌሾ የምትሸጥ ሴትዮ ዕቃዋን እየሰበሰበች፣ "አንዲት ሴት ደጁ ላይ ተቀምጣ ዋለች። አገሯ ሩቅ ነው መሰል፣ አሁን ተነስታ ሄደች" አለችኝ። እስከ ከተማው ዳር ሮጥኩ፤ የለችም። ቤቷ ድረስ ብሄድ ምስጢሯን አወጣባታለሁ። በሚቀጥለው ገበያም ተመልሼ ሄድኩ፤ አልመጣችም።

ኅዳር ላይ ዳግመኛ ሞጣ ሄጄ እዚያው ገበያ ውስጥ አገኘኋት። ሆዷ ገፍቷል።

"ምነው ሌላ ቦታ ብትሞክሪ ኖሮ?" አልኳት።

"አንችን አምኘ ነዋ። ዛሬ ባይመጡ ነገ ይመጣሉ እያልሁ። ኋላማ አረሙ ያዘኝ።"

ሕጉ እርግዝናው ለሕይወቷ ለሚያሰጋት ሴት ምን እንደሚፈቅድ ነገርኳት። "አሁንማ ተንቀሳቅሷል፤ እሱንስ አላደርገውም" አለች። እሷና አሜሪካዊው በዚህ ነገር አንድ ነበሩ። ፅንስ እንዳይቋረጥ ተብሎ የተጻፈው ወረቀት የወሰደባት ግን እንዳታረግዝ የሚጠብቃትን መርፌ ነው።

ሆስፒታል ገብታ እንድትወልድ ለመንኳት፤ እሺ አለችኝ። ምጡ ግን ከቀኑ ቀደመ። መጋቢት ላይ ቤቷ ወለደች፤ ደሟ አልቆም ሲል በቃሬዛ ይዘዋት ወጡ፤ መንገድ ላይ አረፈች።

አሜሪካዊውን ሽማግሌ ክፉ ነው አልልም፤ ክፉ ቢሆንማ በተገላገልኩ ነበር። እንደ እሱ ያሉ ደጋግ ሰዎች ሩቅ አገር ተቀምጠው ሕይወት እናድናለን ሲሉ፣ ከሚያድኑት ውስጥ እናኑን ለምን እንዳልቆጠሯት ነው የማይገባኝ። እኔም ቃሏን ውጬ ማስቀረቴ አያስተኛኝም።

ልጅቷ ተርፋለች። ሞጣ በሄድኩ ቁጥር ታላቅ እህቷ ገበያ ይዛት ስትመጣ አያታለሁ፤ ጤነኛ ናት፣ ሳያትም ከልቤ ደስ ይለኛል። አባቷ እናት ለሞተችባት ልጅ እንደሚደረገው "ምትኬ" ብሎ ስም አውጥቶላታል። እኔ ግን በዚያ ስም መጥራት አልሆነልኝም። የእናኑ ልጅ ነው የምላት።