ጭንቅላቱን አትምቱት!

እናቴን የነከሳት የጎረቤታችን ቀይ ውሻ ነው። ሊነክስ የመጣ ውሻ መጀመሪያ ይጮኻል፤ ይኼኛው ግን ትንፍሽ ሳይል አጥር ዘሎ ገባና ባቷን ዘነጠለው። እናቴ የያዘችውን እንስራ አናቱ ላይ ከሰከሰችው። እንስራው ደቀቀ እንጂ ውሻው አልለቀቀም። እኔ በመጥረጊያ እጀታ ጎኑን ስነርተው ለቀቃትና፣ በር ላይ የታሰረችውን ጥጃ አፍንጫዋን ነክሶ፣ ለሃጩን እያዝረበረበ ወደ መንገዱ ወጣ። ደም፣ ውሃ፣ ገል፣ ጩኸት! ግቢያችን በአንድ አፍታ የጦር ሜዳ መሰለ።

አብራኝ እንግዳ ነበረች። ሁለተኛ ዲግሪያቸውን የሚማሩ የሳይንስ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ከደብረ ታቦር እኛ ትምህርት ቤት ድረስ እየመጡ ያስጠኑናል፤ ማንም አይከፍላቸውም። የእኔ አስጠኚ የምትማረው የእንስሳት ሕክምና ነው። የአንበሳሜ ገበሬ ልጅ ስለሆነች ስትናደድ አፏ እንደ እኛው ነው። ያን ዕለት "እናትሽን ልተዋወቅ" ብላ ተከትላኝ መጣች። እንዲህ ተዋወቀቻት!

"ሳሙና!" ብላ ጮኸችብኝ።

የትምህርት ቤታችን ሳይንስ ክለብ ውስጥ አስተምራናለች፦ ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ይታጠባል። እሷ ውሃ ስታፈስ እኔ ፈተግሁ። እናቴ በጥፊ አጮለችኝ።

"አቃጠልሽኝ እኮ! ልብስ መሰልኩሽ?"

"እማ፣ ዝም በይ!" አልኳት፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሌላ ጥፊ ጨመረችልኝ። መፈተጌን ግን አላቆምኩም።

ከታች፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በኩል፣ "በለው! በለው!" ሲባል ሰማን። የአስጠኚዬ ፊት ተለዋወጠ።

"ሩጪ! ጭንቅላቱን እንዳይመቱት በያቸው! በሽታው የሚመረመረው አንጎሉ ላይ ነው። አንጎሉ ከፈረሰ ማበዱን ማን ያምናል?"

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የውሻው ባለቤት የአባቴ መቀናጆ ነው፤ እኛም አንድ በሬ፣ እሱም አንድ በሬ ስላለን ጠምደን የምናርሰውም፣ አውድማ ላይ የምንወቃውም አብረን ነው። እናቴ ያለማስረጃ "ውሻህ አብዷል" ብላ አታስቀይመውም። ካላመነች መርፌ አትወጋም። ካልተወጋች ትሞታለች።

ሮጥኩ። ወንዶቹ ውሻውን ቅጥሩ ሥር አስጠግተው በዱላ ይወቅጡታል። ወገቡ ተሰብሮ፣ በፊት እግሮቹ እየተጎተተ እንኳ ዱላውን ይናከሳል፤ ጥርሱ ሲሰበር ይሰማል።

"ጭንቅላቱን አትምቱት!"

"ምን አለች?"

"ለውሻ ተዝካር ልታወጣ ነዋ!" ተሳሳቁብኝ።

ባለቤቱ ደግሞ በሌላ በኩል ዱላውን ወድሮ፣ "ውሻዬ አላበደም፣ ጥጋብ ነው! የሚነካው በእኔ ይምጣ!" ይላል። ያ ጥጋበኛ ዞሮ የገዛ ጌታውን ጋቢ ቦጨቀው። አንዱ ጎረምሳ ትልቅ ድንጋይ ከራሱ በላይ አንስቶ ወደ አናቱ ሲያነጣጥር ገፋሁት። ድንጋዩ እግሩ ላይ ወደቀ፤ የወረደብኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ያኔ አውድማ ሲጠብቅ የነበረው አባቴ መንሹን ይዞ ደረሰ።

"አባ፣ ጎኑን! ጎኑን!"

መንሹ የጎድን አጥንቱ መሃል ገባ። ውሻው እጀታውን ሊነክስ እየተንጠራራ ሞተ።

አስጠኚዬ ለክለባችን ትምህርት ያመጣችውን ጓንት ደራርባ፣ አፍና አፍንጫዋን በነጠላ ጠፍራ፣ ራሱን ከአንገቱ ለየችው። አንዲት አሮጊት አማተቡ።

"ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩሽ ይኼን ነው?"

"ይኼንንም፣ እማማ" አለች ቀና ሳትል። ራሱን በላስቲክ ጠቅልላ ባልዲ ውስጥ ከደነችው።

እናቴ ግን ሐኪም ቤት አልሄድም አለች። "ዛሬ መርፌ ብወጋ ነገ መቀናጆአችን በሬውን ይፈታል። እህሉ በምን ይወቃል? ጠበል እገባለሁ።"

"ጠበሉንም ይግቡ፣ መርፌውንም ይወጉ፤ ሁለቱ አይጣሉም" አለች አስጠኚዬ። "እማማ፣ ይኼ በሽታ አንዴ ራስ ውስጥ ከገባ መመለሻ የለውም።"

"አልኩሽ እኮ። አልሄድም።"

አስጠኚዬ ተስፋ ቆርጣ ባልዲውን ስታነሳ ዓይኗ እጄ ላይ አረፈ። ጣቴ ይደማል።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ትናንት ማጭድ ቆረጠኝ።"

"በዚህ ጣትሽ ነው ቁስሉን ያጠብሽው? ለሃጩ በዚህ ይገባል። በይ እንሂድ፤ አንቺም ትወጊያለሽ።"

"ማን? እሷ?" እናቴ ከመደቡ ተነሳች። እያነከሰች ወደ በሩ አመራች። "በሬውም ገደል ይግባ! ነጠላዬን አምጪ።"

የባጃጁ ሹፌር ባልዲውን እያየ፣ "በጾም በግ አርዳችሁ ነው?" አለን።

"የውሻ ራስ ነው" አልኩት።

ስቆ ክዳኑን ገለጥ አደረገ። ቦዩ ውስጥ ሊገለብጠን ነበር!

እናቴ ስትወጋ ነርሱን፣ ሐኪሙን፣ መርፌውን የሠራውን ሰው ሁሉ ሰደበች። የእኔ ተራ ሲደርስ ግን እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘች። በየቀጠሮው አብረን ተመላለስን። መሃል ላይ የውሻው ራስ ከተላከበት ላቦራቶሪ ተደወለ፦ ውሻው አብዶ ነበር። መቀናጆአችን ይኼ ተነግሮትም በሬውን አልፈታም።

ከዚያ ጥጃዋ አበደች። ግድግዳውን በግንባሯ እየደበደበች፣ አረፋ እየደፈቀች፣ የራሷን እግር እየቦጨቀች ዋለች። አባቴና መቀናጆው ከሩቅ በድንጋይ ጣሏትና ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሯት። እናቴ በሩ ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው አየች።

"ይኼ ለእኔ ነበር" አለች።

በቀጣዩ ቅዳሜ እነ አስጠኚዬ ውሻ ሊከትቡ መጡ። መጀመሪያ የደረሰው መቀናጆአችን ነው፤ የቀረችውን ሴት ውሻውን በገመድ እየጎተተ። ውሻዋ ልትዘነጥለኝ ስትዘል ማጅራቷን ጨምድጄ መሬት ላይ አጣበቅኋት፤ መርፌው ገባ።

"አንቺ!" አለ ሰውዬው ጮክ ብሎ። "ጭንቅላቷን እንዳትመቺብኝ!"

ከኋላዬ እናቴ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ። በእነዚያ ሁሉ ሳምንታት ጥፊዋን እንጂ ሳቋን አላገኘሁትም ነበር።