ተቀበል የሚል መስኮት

ማሲንቆ መቺው ጎረቤቴ ሞደሙ መስመር ሲይዝ የሚያሰማውን ጩኸት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙ ቀን፣ ደጋናቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው እስኪያልቅ ድረስ በትዕግሥት አዳመጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣

«ይሄ ሰውዬ ቅኝቱን ገና አላገኘም» አሉኝ።

«ሰው አይደለም ጋሼ፤ ማሽኑ ነው። አዲስ አበባን እየጠራ ነው።»

«እንዲህ እየጮኸ ከጠራኝ እኔም ብሆን አልመጣለትም።»

በዘጠናዎቹ መጨረሻ ሰቆጣ ውስጥ፣ ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረኝ። አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ የስልክ መስመርና ወረቀት የሚያኝክ ፎቶ ኮፒ ማሽን ነበሩኝ። ኮምፒዩተር ያስተማረኝ ሰው የለም። እየነካካሁ፣ የነካሁትንም ወደ ቦታው እየመለስኩ ነው የለመድኩት።

ጋሼ ብቻቸውን አይጫወቱም ነበር። እሳቸው ማሲንቆውን ይመታሉ፤ እህታቸው ታዜማለች፣ ታጨበጭባለች፣ ሕዝቡን ታስነሳለች። በዚያ ጥር ግን እህታቸው ልጇን ልታርስ አዲስ አበባ ሄዳለች። ልጅቱ የወለደችው በተጠበቀው ቀን አልነበረም፤ ሕፃን ደግሞ የሠርግ ቀጠሮ አያውቅም። ለወንድ ልጁ ሠርግ ሁለቱን የጠራው ነጋዴ ይህን ሲሰማ ፊቱን አጠቆረ።

«እኔ የተስማማሁት ከሁለት ሰው ጋር ነው» አላቸው። «ግማሽ ሙዚቃ ለግማሽ ሠርግ ነው። እህትዎ ካልመጣች ከወልዲያ ኦርጋን አስመጣለሁ።»

ከዚያ በፊት የነበሩትን ሠርጎች ኦርጋን ወስዶባቸው ነበር። ይኼኛውም ከሄደ ሌላ የሚጠራቸው እንደማይኖር ጋሼ ያውቃሉ። «ማሲንቆዬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ዶሮ እንዲያርፍበት አደርጋለሁ» አሉኝ። የቀለዱ መስሎኝ ነበር፤ ዓይናቸውን ሳይ ግን አልቀለዱም።

በኢንተርኔት ያገናኘናቸው እንደሆነ ብዬ ያሰብኩት እኔ ነኝ። በልጅቷ ቤት አጠገብ ኢንተርኔት ቤት አለ፤ እዚያ የሚሠራ አንድ ትሑት ልጅ ማዳመጫና ማይክ አዘጋጅቶ ሊጠብቀን ተስማማ። እኔም ከድሮ ቴፕ ያወጣሁትን ማይክና ድምፅ ማጉያ ኮምፒዩተሩ ላይ ገጠምኩ። አንዱ ሽቦ ስለላላ በማስቲካ ወረቀት ጠቀለልኩት። የሚያስፈልገው የሚያብረቀርቀው በኩል ነው፤ በወረቀቱ በኩል ከተጠቀለለ አይሠራም።

«እታለም!» አሉ ጋሼ፣ መስመሩ ሲከፈት።

ማጉያውን ጠጋ ብለው አዩት። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ፣ «አቤት ወንድምዬ!» የሚል ድምፅ መጣ። የተባለው ነገር እዚያ ደርሶ መልሱ እስኪመለስ ድረስ አንድ ጉርሻ ተላምጦ ይዋጣል። ለወሬ ምንም አይደለም። ለዘፈን ግን፣ ወዮ!

የሠርግ ዘፈን ጀመሩ። ጋሼ የእሷን ጭብጨባ ለመያዝ ትንሽ ዘገዩ። እሷም የእሳቸው ማሲንቆ የዘገየ መስሏት ትንሽ ጠበቀችው። እሳቸው ደግሞ እሷን ጠበቁ። በር ላይ ተገናኝተው «አንተ ቅደም»፣ «አንቺ ቅደሚ» ሲባባሉ ቆመው እንደሚቀሩ እንግዶች፣ ሁለቱም በጨዋነታቸው ዘፈኑን እየጎተቱት ሄዱ። ያ ሰው የሚያስዘልል ዘፈን መጀመሪያ መራመድ ጀመረ፤ ቀጥሎ አነከሰ፤ በመጨረሻ ሙሾ ሆኖ ቁጭ አለ።

ከጋዝጊብላ ማር ይዛ ወደ ገበያ የምትወርድ አንዲት ሴትዮ የቤቴ በር ላይ ቆመች። እንስራዋን ቀስ ብላ አወረደች።

«ውይ! ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም እናቴ፤ ልምምድ ነው» አልኳት።

«ለቅሶ የሚለማመድ ሰው አላየሁም» ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች። ካለቀሰች በኋላ ድምፁ ከማን እንደሚመጣ ጠየቀችኝ። የጋሼ እህት ናት፣ አዲስ አበባ ነው ያለችው፣ የምንሰማው ድምፅዋን ብቻ ነው አልኳት። አሁን ሳስበው፣ አነጋገሬ ትንሽ ማብራሪያ ይጎድለው ነበር። ሴትዮዋ ማሯን ይዛ ገበያ ወረደች፤ ወሬውም ከማሩ ጋር ተሸጠ።

በማግስቱ ሌላ ሙከራ ላይ ሳለን የሙሽራው አባት ጋቢውን ተከናንቦ፣ አንገቱን ደፍቶ ገባ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አላቸው ጋሼን። «ስለ ኦርጋን የተናገርኩትን ይርሱት። ሠርጉንም ቢሆን በጥቂቱ ማስተላለፍ ይቻላል።»

ጋሼ ግራ ተጋብተው ወደ እኔ አዩ። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ድምፅ ማጉያው፣

«ማነው የሞተው?» አለ።

ሰውዬው ወደ ኋላው አፈገፈገና ፎቶ ኮፒው ላይ ተቀመጠ። ማሽኑም ክዳኑ ላይ ሰው የተቀመጠበት መሆኑን ሳይመረምር አንድ ጥቁር ወረቀት ተፋ።

«አንቺ አልሞትሽም?» አለ ቀስ ብሎ።

ጉርሻው እስኪዋጥ ጠበቅን።

«እኔማ ገንፎ እየበላሁ ነው! ማን ነው እንዲህ ያለው? ደግሞ ኦርጋን ሊያመጣ ነው አሉ ያ ገብጋባ፤ እውነት ነው?»

ገብጋባው እዚያው ተቀምጦ ይሰማታል። ጋሼ በአገሬው ቋንቋ በኽምጣኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ፤ ትርጉሙን እዚህ አልጽፈውም። ሰውዬውን ሐዘኑ በአንድ ጊዜ ለቀቀውና ብድግ አለ። «በቃ፣ ካልሞተች ኦርጋኑ ይመጣል!»

በዚህ መሐል አዲስ አበባ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ፍቃድ የሚጠይቅ አንድ መስኮት ብቅ ብሎ ኖሯል። ትሑቱ ልጅ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ መልሶ «ተቀበል!» ሲል በማይኩ ሰማነው። «ተቀበል ነው የሚለው እማማ፤ እኔ እጫነዋለሁ።»

ጋሼ ማሲንቋቸውን አነሱ።

ዕድሜ ልካቸውን «ተቀበል!» ሲባሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰው ግጥም ይነግራቸዋል፣ እሳቸው ስንኝ በስንኝ እየተቀበሉ ያዜሙታል። ማን እንዳለ፣ ለምን እንዳለ አይመረምሩም። እጃቸው ከሐሳባቸው ቀድሞ ደጋኑን ጭራው ላይ አሳረፈ። ትሑቱ ልጅ ቀጠለ፦

«ማይኩን ወደ አፍዎ ያስጠጉት እማማ።»

ጋሼ አዜሙት፦ «ማይኩን ወደ አፍዎ፣ ያስጠጉት እማማ...»

«አለዚያ እዚያ ማዶ ድምፅዎ አይሰማም።»

«አለዚያ እዚያ ማዶ፣ ድምፅዎ አይሰማ!» የመጨረሻዋን «ም» ለቤት መምቻ ሲሉ ዋጧት።

«ኧረ ለእርስዎ አይደለም ጋሼ!» አለ ልጁ።

«ኧረ ለእርስዎ አይደለም፣ ጋሼ...»

እህታቸው እዚያ በሳቅ ፈረሰች። ሳቋ ደግሞ እንደ ሌላው ነገር ሁሉ ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ ጋሼ ማሲንቆውን ብቻውን እያዞሩ ጠበቁት። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። በስንኝና በስንኝ መካከል ማሲንቆ ብቻውን የሚሄድበት ቦታ አለ፤ ያ የሚያስቸግረን መዘግየት ልክ እዚያች ቦታ ገብቶ ተቀመጠ። እኩል መምታት አይቻልም እንጂ መቀባበል ይቻላል! እህታቸውም ሳቋን ጨርሳ፣

«ተቀበል!» አለች።

«ድምፄን ሰደድኩልህ በሽቦ ጠቅልዬ፣
ሳይበርድ ቅመሰው አደራ ወንድምዬ።»

ጋሼ ተቀበሉ። የሙሽራው አባት በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ትከሻው ከእሱ ፈቃድ ውጪ አንድ ጊዜ ሲነቀነቅ አየሁት። ተመልሶ መጣ፤ ማይኩን ከፊቴ ወስዶ እንደ ዱላ ጨበጠው።

«ተቀበይ!» ብሎ ጮኸ።

«ኦርጋን ይቅርብኝ ይቀመጥ ወልዲያ፣
ማሲንቆው ከእህቱ ጋር ይምጣልኝ ወዲያ!»

«ወዲህ ለማለት ነው?» አልኩት።

«ቤት እንዲመታ ብዬ ነው፤ አንተ ምን አገባህ?»

በዚህ ታረቁ። የቀረው ችግር ዳሱ የሚጣልበት ግቢ የስልክ መስመር የሌለው መሆኑ ነበር። መስመር ለማስገባት የሚጠበቀውን ጊዜ ስነግረው ሰውዬው፣ «እስከዚያማ የልጅ ልጄን እድራለሁ» አለ። ጥቂት አሰበና፣ «መስመሩ ወደ ዳሱ ካልመጣ ዳሱ ወደ መስመሩ ይሂድ» ብሎ ከፎቶ ኮፒ ቤቴ ጎን ባለው ባዶ ቦታ ዳስ አስጣለ። ኮምፒዩተሩን መስኮቱ ላይ አቆምኩት። አንዲት አሮጊት ሙሽራው መስሏቸው ነው መሰለኝ፣ የምሥራች ብለው ሣር ነሰነሱበት።

ሠርጉ ሞቀ። እህታቸው ስንኝ ትልካለች፣ ጋሼ ይቀበላሉ፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። በመካከሉ ያለውን ዝምታ ሰው ሁሉ ለምዶት በእስክስታ ይሞላው ነበር። ጋሼ ሙሽራው ፊት ሲደርሱ እሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

«ስማኝ ሙሽራዬ ልንገርህ አንድ ነገር፣» አለች።

መብራት ጠፋ።

ጋሼ ስንኙን ተቀብለው ማሲንቆውን አዞሩ። እንደገና አዞሩ። ቀን በመሆኑ መብራቱ መጥፋቱን ያላወቀው ሕዝብ መዘግየቱ ነው ብሎ እየጨፈረ ጠበቀ። ሙሽራው ግን አንገቱን ወደ ጨለመው ኮምፒዩተር አስግጎ፣ «ምንድነው እሱ ነገር?» ይላል። ሚዜው፣ «ስለ ሙሽራዋ ሳይሆን አይቀርም» አለውና አባሰበት።

«ሩቅ ነው፤ ትደርሳለች» አለ የሙሽራው አባት፣ እንግዶቹን እያረጋጋ።

እኔ ወደ ጋሼ ጠጋ ብዬ፣ «መብራት ሄዷል፤ አትመጣም» አልኳቸው። እጃቸው አልቆመም፤ ፊታቸው ግን ሲለወጥ አየሁት። ሕዝቡ ቢያውቅ ግማሽ ሙዚቃ ሆነው መቅረታቸው ነው። አንድ ዙር አዞሩ። ከዚያ እህታቸው የተወችውን ስንኝ ራሳቸው ዘጉት፦

«መብራት ቢጠፋብህ ከቶ አትደናገር!»

ዳሱ በሳቅ ፈነዳ። ሙሽራው ጋቢው ውስጥ ገባ። የሙሽራው አባት እንባው እስኪፈስ ስቆ፣ «ኦርጋን ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ሬሳ ነበር!» እያለ ለእያንዳንዱ እንግዳ ሲናገር አመሸ። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ እየተቀበሉላቸው ጋሼ እስከ መጨረሻው ተጫወቱ። ከሠርጉ ሳይወጡም ለፋሲካ ማግስት ደሃና ላይ ለሚደገስ ሌላ ሠርግ ከነእህታቸው ተጠሩ።

መብራቱ ሲመለስ እህታቸው በስልክ ደወለች። ጋሼ መጀመሪያ የጠየቋት ስለ ሕፃኑ አልነበረም።

«እታለም፣ ያ አንድ ነገር ምን ነበር?»

«ምን አውቄ?» አለች። «ስንኙ አንተ ጋ እስኪደርስ አስብበታለሁ ብዬ ነበር። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው። እናንተ በምን ዘጋችሁት?»

ነገሯት። በተለመደው ስልክ መዘግየት አልነበረም፤ ቢሆንም ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሰማንም። መስመሩ መቆረጡን ለማየት ገመዱን ስነካካ ጋሼ እጄን ያዙኝ።

«ተወው፤ እየመጣ ነው» አሉኝ።

እውነትም ሳቋ መጣ።