ቃጭል ያላት ኳስ

ባሌ በያጅ ነበር። ዓይኑ በአንድ ጊዜ አልጠፋም፤ መጀመሪያ ዳር ዳሩን ከለለው፣ ቀጥሎ መሐሉን፣ በመጨረሻ የእኔን ፊት። ሐኪሞቹ ከብየዳው ብልጭታ ሳይሆን ከዓይን ግፊት ነው አሉ፤ ምን ሊፈይድለት! ሥራውን ትቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ብላ ስለው ይበላል። ተነሥ ስለው "ተነሥቼ ምን ልሥራ?" ይለኛል። እኔ ነገረኛ ነኝ፣ ለማንም መልስ አላጣም፤ ለዚህ ግን ብርድ ልብሱን አልብሼው እወጣለሁ።

ያስነሣው ሬዲዮ ነው። ዓይነ ስውራን የሚጫወቱት ጨዋታ እንዳለ ሰማ፤ ሦስት ለሦስት ሆነው ቃጭል ያላትን ኳስ መሬት ለመሬት እየወረወሩ ጎል ያስገባሉ፤ ተከላካዩ ድምፅዋን ሰምቶ በጎኑ ወድቆ ይመልሳታል። የዚያን ቀን ከአልጋው ወርዶ ጫማውን በእጁ ሲዳብስ አገኘሁት።

"ወዴት ነው?"

"ክለብ ላቋቁም።"

ያበደ መሰለኝ። ቢያብድም ተነሥቷል አልኩና ጫማውን አቀበልኩት።

ኳሷን የሠራለት ወዳጁ ጎሚስታው ነው። የቅርጫት ኳስ ቀዶ ቃጭሎች ከተተባትና የፈነዳ ጎማ እንደሚለጥፈው ለጠፋት። ዓይነ ስውር ሎተሪ አዟሪ መጣ፣ እንደ እሱ የማታይ የስልክ ኦፕሬተር መጣች፣ እነሱም የሚያውቋቸውን ይዘው መጡ። ጭላንጭል የሚያዩም ስላሉ ሁሉም እኩል እንዲሆኑ ከጥቁር ጨርቅ የዓይን መሸፈኛ ሰፋሁላቸው። መስመሩን በጣታቸው እንዲያውቁት ወለሉ ላይ ሲባጎ ዘርግተን በፕላስተር ለጠፍንበት። ባሌ ጎኑ በልዞ ሲገባ ደስታው ልክ አልነበረውም፤ "በጎኔ ነው የመለስኳት!" እያለ ሸሚዙን ገልቦ ለጎረቤቱ ሁሉ ያሳይ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከእኔ ቀድሞ መነሣት ጀመረ።

የምንለማመድበት አዳራሽ የወጣት ማዕከሉ ነው። ኃላፊው "ለሙከራ ነው የሰጠኋችሁ። አንድ ግጥሚያ አሳዩን፤ ሕዝቡ ከወደደው የእናንተ ነው፣ ካልወደደው ለሰርግ አከራየዋለሁ" አለ። ውጭ እንዳይጫወቱ የመኪናው ድምፅ ቃጭሏን ይውጣታል። ሌላ ቦታ አልነበረንም።

የግጥሚያው ቀን ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ባሌ መሐል ሜዳ ቆሞ "ጨዋታችን በጆሮ ነው። ኳሷ ስትንቀሳቀስ ዝም በሉልን ብቻ። ሌላ የምንለምናችሁ የለም" አለ። ሰዉ "እሺ!" ብሎ ጮኸ።

መጀመሪያ ላይ እውነትም ዝም አሉ። የሚያስለው እንኳ አፉን በክንዱ ይዞ ነበር። ባሌ አንዷን በጎኑ፣ አንዷን በጭኑ መለሰ። ከዚያ በተቃራኒው ቡድን ያለው ሎተሪ አዟሪ አክርሮ ወረወራት። ጎረቤታችን እማማ፣ የባሌ ዓይን የጠፋ ሰሞን እህል ውሃ ያላሰኛቸው ሴት፣ አላስቻላቸውም።

"በግራህ ነው የኔ ልጅ! በግራህ!"

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው። "ኧረ በቀኙ ነው!" "ውደቅ!" "ተነሥ!" አዳራሹ ገበያ ሆነ፣ የቃጭሏ ድምፅ ጠፋ። ባሌ ተንበርክኮ ራሱን ወዲያና ወዲህ ያዞራል። "እባካችሁ" ሲል ከንፈሩን አየሁ እንጂ አልሰማሁትም። ኳሷ ገባች፤ ደግማም ገባች። እኔ "ዝም በሉ!" እያልኩ እጮኻለሁ፤ የእኔም ጩኸት ያው ጩኸት ነው።

በመጨረሻ እማማ ሜዳው ውስጥ ገቡ። ኳሷን አንሥተው እጁ ላይ አስቀመጡለትና "ይኸውልህ የኔ ጌታ" ብለው አለቀሱ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ጭብጨባው አልቆም አለ። ባሌ ኳሷን ታቅፎ እንደተንበረከከ ቀረ።

ኃላፊው ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ ወደ እኔ መጣ። "እህቴ፣ ይሄማ አንጀት ይበላል። ሰው ተላቀሰ እኮ! እንዴት ስፖርት ይባላል?"

"ዝም ቢሏቸው ኖሮ ይጫወቱ ነበር" አልኩት።

"እንዴት ዝም ይባላል? እኛ አንጀት የለንም?"

ደሜ ፈላ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር።

አዳራሹ ለሰርግ ተከራየ። ሎተሪ አዟሪው ቤት ድረስ መጥቶ "ሌላ አዳራሽ እንፈልግ እንጂ" ቢለው ባሌ ፊቱን ከግድግዳው አላዞረም።

"ሌላ አዳራሽ ሌላ እማማ አለበት" አለው።

ቤት ስጠርግ መጥረጊያዬ አልጋ ሥር ያለችውን ኳስ ሲነካት ትጮኻለች። ትናንት "ከዚህ ቤት አውጪልኝ" አለኝ።

"የት ልውሰዳት?"

"የማልሰማት ቦታ።"

ለጎሚስታው ልመልስለት ይዣት ስወጣ፣ እማማ ከመስኮታችን ሥር አገኙኝ። ኳሷን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

"ጨዋታ አለ እንዴ? እሰይ! ያን ቀን ከኋላ ተቀምጬ እኮ ነው በደንብ ያልሰማኝ። አሁን ከፊት ሆኜ ነው የምነግረው።"

መስኮቱ ክፍት ነበር። ኳሷ እንዳትጮህ ሆዴ ላይ አጥብቄ ያዝኳትና "እሺ እማማ" አልኳቸው።