ሞላ ውስጥ ነው

ቅዳሜ ከሰዓት ነው... ድሬዳዋ በሙቀት ዝላ፣ ወንዱ የጫት በርጫ ላይ፣ ውሻው ጥላ ስር የተጋደመበት ሰዓት። ባለቤቴ ተሾመ ግን ግቢያችን መሃል ቆሞ አዲስ ጠመንጃ እየዳበሰ ብቻውን ፈገግ ይላል።

ዘመኑ ደርግ ነው። እኛ ከዚራ፣ የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ነን፤ ተሾመ የባቡር ጋራዥ መካኒክ ነበር። ጠመንጃ ስላችሁ ደግሞ የጦር ሜዳው እንዳይመስላችሁ፣ ወፍ መምቻ የአየር ጠመንጃ ነው። ጭልፊት ጫጩቶቼን እየለቀመ ቢጨርስብኝ ስነዘንዘው ከረምኩና፣ በጅቡቲ ባቡር በሚመላለስ ጓደኛው በኩል አስመጣልኝ።

እኔ የጠየቅሁት የሽቦ አጥር ነበር።

ሰውዬው የሠርጉን ዕለት እንኳ እንደዚያ አልሆነም። እንጨቱን ያሸታል፣ ትከሻው ላይ ያደርገዋል፣ ያወርደዋል። አፈሙዙን ወደታች ሰበር አድርጎ ሊያቀባብለው ሲል ግን ውስጡ ያለው ጥምዝ ሽቦ፣ ሞላው፣ አዲስ ነውና አልበገር አለው፤ የአንገቱ ሥር ተገታተረ። አዲስ ማሽን ዘይት ካልጠጣ አይላላም አለና የስፌት መኪናዬን ዘይት አምጥቶ ጋተው። ከዚያ የምስር ፍሬ የምታህል እርሳስ አጉርሶ፣ ግንቡ ላይ የተቀመጠውን የወተት ጣሳ አነጣጠረ...

ዷ!

እኔ የጠበቅሁት «ጡፍ» የምትል ነገር ነበር። ካፈሙዙ ሰማያዊ ጭስ ተግተለተለ። ዶሮዎቼ አጥር ዘለሉ፣ ጠመንጃው ከተሾመ እጅ ወደቀ፣ የጎረቤት በርጫ ጸጥ አለ። ጣሳው ብቻ ንቅንቅ አላለም።

ያን ጊዜ ተኩስ ከተሰማ ተጠያቂ ይፈለጋል። መሣሪያ የተገኘበት ሰው ቀበሌ ይገባል፤ «ውስጥ ነው» ከማለት በቀር መቼ እንደሚወጣ የሚነግርሽ የለም። ባሌን ሊወስዱብኝ ነው አልኩ በልቤ።

ጭሱ ሳይበተን ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ክላሽ ደግነው ገቡ። አንደኛው የመጋላ ሰፈሩ አብዲ ነው። አብዲ ያውቀናል፣ ክላሹ ግን አያውቀንም።

«ማነው የተኮሰው?» አለ።

ተሾመ እጁን ሰቅሏል። ባሩድ የለውም፣ እርሳሷን የሚገፋት ሞላ ነው ሊል ነበር፤ ድንጋጤ ግማሹን ዋጠበት።

«ጓድ... ሞላ ነው።»

«የታለ ሞላ?»

«ውስጥ ነው።»

አብዲ ወደ ቤት ዘለቀ። አልጋ ስር ጎንበስ ይላል፣ መጋረጃ ይገልጣል። እኔስ ብትሉ... የሞላ ምንነት ጠፍቶኝ አይደለም፣ ግን ድንጋጤ ጆሮ የለውም። ተሾመ ቤቴ ውስጥ ሰው ደብቋል ብዬ አመንኩ። በዚያ ዘመን ጠመንጃ ከመደበቅ ሰው መደበቅ ይብሳል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፍርሃቱ እኩል ንዴትም ያዘኝ። ለእንግዳው ማን ምሳ ሊያበላ ነው ሳይነግረኝ?

ሁለተኛው ጠባቂ በበኩሉ ጠመንጃውን ካፈር አንስቶ ብሎኑን መነካካት ጀመረ። ተሾመ ሰውዬው እንዳይጎዳ ብሎ ጮክ አለ፦

«ባትነካው ይሻላል። ከተፈታ ዘሎ ዓይን ያጠፋል።»

ይህን አብዲ ከውስጥ ሰማ። ብቅ ብዬ ሳይ ቁምሳጥኑን ከሩቅ በክላሹ አፍ ከፍቶ፣ «ወሪያ ሞላ፣ እጅህን አንስተህ ውጣ» እያለ የተሾመን ካፖርት ይለምናል።

ተሾመ ነገሩ የገባው ያኔ ነው። ሞላ ሰው ሳይሆን ጠመንጃው ሆድ ውስጥ ያለው ጥምዝ ሽቦ መሆኑን እየተርበተበተ አስረዳ። አብዲ ላቡን ጠርጎ ወጣና፣ እንደዚያ ከሆነ ተኩሰህ አሳየን አለው። ተሾመ አቀባበለ፣ አጎረሰ፣ ተኮሰ...

ጡፍ።

ጣሳዋ ቂው አለች። የአብዲ ፊት ጠቆረ።

«አቦ አትቀልድ። ይሄ ያስነጥሳል እንጂ አይተኩስም። እኛ የሰማነው ሌላ ነው፤ ዋናውን መሣሪያ አምጣና ቀበሌ እንሂድ።»

እውነት ተናግሮ ውሸታም መሆን እንዴት እንደሚያንገበግብ ያን ቀን አየሁት። ሁለቱም ክንድ ክንዱን ይዘውታል። ድንገት አንድ ነገር ሸተተኝ... የተቃጠለ ዘይት። የስፌት መኪናዬ ዘይት! ለካ በታመቀው አየር ግሎ የፈነዳው እሱ ነው፤ መጀመሪያ ሲተኮስ ተቃጥሎ አለቀ፣ በሁለተኛው ምን ይፈንዳ?

ሮጬ ጠርሙሷን አመጣሁ።

«አብዲ፣ ይሄ ነገር ሳይጠጣ አይናገርም» አልኩት፤ ድሬ እንደሆነ አንቱታ አታውቅም። ተሾመ እንዳደረገው አድርጌ ጋትኩት። ተሾመ አቀባበለለትና፣ በል አንተው ራስህ ሞክረው አልነው።

ዷ!

ቀና ስል አብዲ የዶሮ ኩስ ላይ በደረቱ ተኝቷል። ጓደኛው የውሃ በርሜል ጀርባ ነው። ቀድሞ የሳቀው አብዲ ነው፤ ተነስቶም መቆም እስኪያቅተው ሳቀ። የተሾመን ክንድ መልሰው አልያዙትም። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ እየሳቅሁ።

አብዲ ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ ፍርዱን ሰጠ፦ «ሁለተኛ ይሄ ጠመንጃ ዘይት እንዳይቀምስ።»

በማግስቱ ተሾመ የሽቦ አጥሬን ሠራልኝ። በርጫው ግን ሞላን አልረሳም። ተሾመ በበሩ ባለፈ ቁጥር ሞላ እንዴት ነው ብለው ይጠይቁታል፤ እሱም «ውስጥ ነው» ይላቸዋል፣ ቤቱ በሳቅ ይናጋል።

በዚያ ዘመን «ውስጥ ነው» ተብሎ የተሳቀለት ሰው ሞላ ብቻ ነው... እሱም ሽቦ ነበር።